ሳልጠራው የሚያጅበኝ ሶል

ትዝታ ስትጫወት ዝም የምትልበት ቦታ አለ። አንዷን ኖታ ጎተት አድርገህ ትለቃታለህ። እየሳሳች ትሄዳለች። ትጠብቃታለህ። ልትጠፋ ስትል ሌላዋን ትነካለህ። ለኔ ትዝታ ማለት እዚያ መሃል ያለው ነገር ነው። አዝማሪ በማሲንቆው እንዲህ ሲያደርግ ጠጪው ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ይቆያል።

እኔ ግን በጊታር ቀድቼ መልሼ ስሰማው፣ ኖታዋ በሳሳች ቁጥር ከሥሯ ሌላ ነገር ብቅ ይላል። እምምምም። ወፍጮ ቤት ከሩቅ ሲሰማ ዓይነት። ስጫወት ይደበቃል፣ ዝም ስል ይመጣል። ደሞዝ የማይጠይቅ አጃቢ።

የምኖረው ማራኪ አካባቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። 3 በ4 ናት። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። አከራዬን እማማ ነው የምላቸው። ዕቃዬ ጥቂት ነው። ከሰው እጅ የገዛሁት የስትራቶካስተር ቅርፅ ያለው ጊታር፣ ሁለት መግቢያ ያላት ትንሽ ሳውንድ ካርድ፣ ያረጀ ላፕቶፕ፣ የጆሮ ማዳመጫ። አምፕ፣ ማለትም የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ የለኝም። ጊታሩን በጃክ ገመድ ሳውንድ ካርዱ ላይ እሰካለሁ፤ የአምፑን ሥራ ላፕቶፑ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር ይሠራልኛል።

መጀመሪያ ጥፋቱን የጣልኩት በከተማው ላይ ነበር። ጎንደር ሌሊት ጸጥ ትላለች የሚል ሰው ጎንደር አላደረም። ውሻው አለ። የማኅሌቱ ድምፅ ማጉያ አለ። አዛኑ አለ። ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣ ባጃጅ አለ። ስለዚህ በሩ ላይ ጋቢ ሰቀልኩ። መስኮቱን በፍራሽ ደገፍኩት። ላብ በላብ ሆኜ ቀዳሁ። እምምምም፣ እንደነበረ አለ።

አዘዞ የሚኖር ጓደኛ አለኝ፤ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል። ደወልኩለት።

«ማይክ ተክለሃል እንዴ?» አለኝ።

«የለኝም። በቀጥታ ነው የሰካሁት።»

ትንሽ ዝም አለ። «ታዲያ ወንድሜ፣ ጋቢው ማንን ነው የሚከለክለው?»

እስካሁን ባገኘኝ ቁጥር «ጋቢው ደህና ነው?» ይለኛል።

እውነቱን ነው። የጊታር ፒክአፕ ጆሮ የለውም። ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ለሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞበታል። የብረቱ ክር ፊቱ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱ መስክ ይናወጣል፣ ሽቦው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በቃ፣ የጊታር ድምፅ ማለት ያ ነው። ግን ሽቦው መስኩን ማን እንዳናወጠው አይለይም። ክር ይሁን፣ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ የመብራት ገመድ ይሁን፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ውሻው ቢጮህ አይሰማም። ፍሎረሰንቱ ሲበራ ግን ይሰማል።

የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ 50 ኸርዝ ማለት ነው። ሙዚቃ ውስጥ 49 ኸርዝ ላይ ዝቅተኛ ሶል አለ። 50 ኸርዝ ማለት እንግዲህ ትንሽ የተሳሳተ ሶል ነው። (አሜሪካኖች 60 ነው ያላቸው፤ የእነሱ ጩኸት በሲ ቤሞልና በሲ መሃል ይወድቃል። ሁሉም በየአገሩ ኖታ ይረበሻል።) ይህን ሳውቅ አንድ ነገር ገባኝ። ትዝታን ከዶ ስጫወት ጩኸቱ ብዙም አይከብደኝም ነበር። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ሶል ከቅኝቱ ልጆች አንዷ ናት። ቤዝ የጨመርኩ ነበር የሚመስለኝ። ከሬ ስጀምር ግን ሶል ከቅኝቱ ውጭ ትቀራለች። ያኔ ነው ጥርሴን ያፋጨኝ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መብራት ጠፋ። ግቢው ሁሉ «ኧረ!» አለ። እኔ አላልኩም። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጥሏል፣ ሳውንድ ካርዷም ከእሱ ነው የምትጠጣው። ጆሮዬ ውስጥ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። አጃቢው የለም። ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄዷል። የቀረው ሽሽሽ የምትል ስስ ነገር ብቻ ናት፤ እሷ የማጉያው የራሱ ትንፋሽ ናት፣ የትም አትሄድም። አንዲት ኖታ ነካሁ። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ሰማኋት።

መብራት ሲጠፋ ደስ ያለኝ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ያ ምሽት ከወር ሙከራ ይበልጥ አስተማረኝ። ጊታሩ አልተበላሸም። ሳውንድ ካርዷም ጤነኛ ናት። ሌባው ከመብራቱ ጋር ነው የሚመጣው። ችግሩ፣ መብራቱ ሲመጣ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣ፤ ጩኸቱም እንዳለ ተመለሰ። ማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ ማብራት ያስፈልጋል። በማግስቱ እማማ ዘንድ ሄድኩ።

«እማማ፣ ብሬከሩን ለአምስት ደቂቃ ላጥፋው?»

«ምነው ልጄ፣ እነሱ የሚያጠፉት አነሰህ?»

ግን ፈቀዱ። አጠፋሁና ከዜሮ ጀመርኩ። አንዱን አበራለሁ፣ ሮጬ ገብቼ እሰማለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከነካህ ልፋትህ ገደል ገባ። ይህን እያወቅኩም ሁለቴ ተሳስቻለሁ፤ ትዕግሥት የለኝም።

ያን ቀን ነው «ጩኸቱ» የምለው ነገር አንድ እንዳልሆነ የገባኝ። እያንዳንዱ ባለቤት አለው።

ቀጭኗ፣ ትንኝ የምትመስለው፣ ማውሱን ሳንቀሳቅስ የምትለዋወጠው የላፕቶፑ ቻርጀር ናት። ነቀልኩት፣ ጠፋች። ከዚያ ወዲህ ስቀዳ በባትሪ ብቻ ነው፤ ባትሪው አርጅቶ 50 ደቂቃ ብቻ ቢቆይም። ብዝዝዝ የሚለው፣ ንብ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ያለው፣ ከራሴ በላይ ያለው ፍሎረሰንት ነው። ስቀዳ አጠፋዋለሁ። ስልኬ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ሊጠራ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ጊታሩ ውስጥ ድርድርድር ይላል። በድሮው ሁለተኛ ትውልድ ኔትወርክ ላይ ስልኩ የሚልከው በሰከንድ 217 ጊዜ እየተቆራረጠ ስለሆነ ነው። ማን እንደሚደውል ባላውቅም እንደሚደወል ግን ቀድሜ አውቃለሁ። አሁን ስልኩ አልጋው ሥር ነው የሚያድረው።

የእማማ ፍሪጅ ሲነሳ ጠብ የምትል ድምፅ አለው። ዋናው እምምም ግን ከእነዚህ የአንዱም አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። የጊታሩን ቮልዩም ግማሽ ላይ አድርጌ የሳውንድ ካርዱን ጌይን (የማጉያውን ቁልፍ) እስከ ጫፍ እከፍተው ነበር። ድምፁ ለስለስ እንዲል ብዬ። እንዲህ ስታደርግ ከጊታሩ የሚመጣው ምልክት ትንሽ ይሆናል፣ ጩኸቱ ግን እንዳለ ይጎላል። አሁን ጊታሩን ሙሉ እከፍታለሁ፣ ጌይኑን ደግሞ በኃይል ስመታ ሜትሩ ከ-12 ዲሲቤል እንዳያልፍ አድርጌ እተወዋለሁ። ሌላው፣ ገመዱን የሰካሁት የማይክ መግቢያ ላይ ነበር። ጎኑ ላይ የጊታር ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች፤ አልተጫነችም። ስምንት ወር ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበረች።

ቀጥሎ ወደ ጊታሩ ሆድ ገባሁ። ክሮቹን በእጄ ስነካ ብዝዝታው ይቀንሳል፣ ስለቅ ይጨምራል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ የሰው ገላ የመብራቱን መስክ እንደ አንቴና ይሰበስባል፣ ክሩን ስትነካ ያ ሁሉ በድልድዩ (ክሮቹ በታች በሚያርፉበት ብረት) በኩል ወደ ጊታሩ ግራውንድ፣ ወደ መሬት መስመሩ፣ ይወርዳል። (ስትነካ የሚጨምር ከሆነ ግን የሆነ ሽቦ ተበጥሷል ወይም ተገልብጧል ማለት ነው። ክፈተው።) ከፈትኩት። ፕላስቲኩን ሳነሳ የአንድ ሰው የሦስት ዓመት አቧራ፣ አንድ የተሰበረ ፒክና ያልተሸፈነ እንጨት አገኘሁ። ገበያ ላይ የመዳብ ቴፕ ፈለግሁ፣ አጣሁ። እማማ ዳቦ የሚጠቀልሉበት ፎይል አላቸው። ለመንኳቸው።

ሆዱን በፎይል ለበጥኩት። በሙጫ እየለጠፍኩ፣ በማንኪያ ጀርባ እያሸሁ። አልሙኒየም ብየዳ አይቀበልም፤ ስለዚህ የግራውንዱን ሽቦ ራቁቱን ጠቅልዬ ከፎይሉ ጋር በትንሽ ብሎን ጨፈለቅሁት። ቁርጥራጮቹ ሙጫው በመሃላቸው ስላለ እርስ በርስ አይገናኙም ነበር፤ ጠርዛቸውን እያጠፍኩ ብረት በብረት ማስነካት ነበረብኝ። የጃኩ ጫፍ ፎይሉን እንዳይነካም እዚያ ጋ ፕላስተር አደረግሁ። ከነካ ድምፅ የለም። ስዘጋው ከዓርብ ገበያ የተመለሰ ጥቅል ይመስል ነበር።

ብዝዝታው ከግማሽ በላይ ሄደ። እምምምም ግን ከነሙሉ ክብሩ ቁጭ አለ።

በኋላ ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ። ፎይል የሚመልሰው የኤሌክትሪክ መስክን ነው። 50 ኸርዝ የማግኔት መስክ ቀጭን ፎይል መኖሩንም አያውቅም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ለዚህ ነው በ1955 የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር ሀምበከር የሚባለውን ፒክአፕ የሠራው። ሁለት ጥቅል ሽቦ ጎን ለጎን፣ የአንዱ ማግኔትም ጥምጥምም ከሌላው የተገለበጠ። የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ ከውጭ የመጣው ጩኸት ይጠፋፋል። ስሙ ራሱ ጩኸት አጥፊ ማለት ነው። የኔው ጊታር ሦስት ነጠላ ፒክአፕ ነው ያለው። ግን የመሃለኛው ተገልብጦ የተጠመጠመ ኖሮ፣ የፒክአፕ መምረጫውን ሁለተኛና አራተኛ ቦታ ላይ ሳደርገው ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ ይሠራሉ፣ እምምታውም ይወድቃል። ታዲያ ለምን እዚያ አትቀዳም? ድምፁ ቀጠነብኝ። ለትዝታ የምወደው ወደ አንገቱ ያለውን ብቻውን ነው። እልኸኛ ነኝ።

አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ወንበሩ ላይ ስዞር እምምታው ቀነሰ። ተመልሼ ዞርኩ፣ ጨመረ። ፊቴን ወደ ፋሲል ግንብ ሳደርግ ይጮኻል፣ ወደ በሩ ዞር ስል ጭጭ ይላል። ጊታሬ ኮምፓስ ሆነ። በጆሮዬ እየተከተልኩ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ሄድኩ። ጊታሩን ወደ ግድግዳው ሳስጠጋው እምምታው ጮኸ፣ ሳርቀው ሳሳ። ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር አለ። ደብተሬን ገለጥኩት። በጣም የሚጮህባቸው ቀናት ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ናቸው።

ረቡዕና ቅዳሜ እማማ እንጀራ ይጋግራሉ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ለ220 ስታካፍለው ከ13 አምፔር በላይ ማለት ነው። ምጣዱ በራሱ ጨዋ ዕቃ ነው፤ ዝም ብሎ ይግላል። ያን ሁሉ ጅረት የሚሸከመው ገመድ ነው ጉዱ። ሰፈር ውስጥ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን አመጣሁ። ቴስተራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው እዚህም እዚያም ነካኩ። ኩሽናው ገቡ፣ ወጡ፣ የኔን ግድግዳ አንኳኩ።

«ይኸውልህ» አሉኝ፣ «ፌዙ ባንተ ግድግዳ ይሄዳል። ኒውትራሉ ግን በዚያ ማዶ በጣሪያው ዞሮ ነው የሚመጣው። ማን እንደሠራው እንጃ።»

«እና ጋሼ፣ ችግር አለው?»

«ለምጣዱ ምን ችግር አለው። ላንተ ነው።»

ሁለቱ ሽቦዎች ተጣብቀው ሲሄዱ የአንዱ መስክ የሌላውን ያጠፋል፤ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይመለሳል። እንዲህ ተለያይተው ሲዞሩ ግን ክፍሌን እንዳለ የሚከብ ትልቅ ቀለበት ይሠራሉ። ከስምንት ወር በላይ አንድ ግዙፍ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር ጊታር የምቀዳው። ጋሼ አዲስ ገመድ ሁለቱንም በአንድ ጎትተው በውጭ በኩል አዞሩት። የገመዱን ዋጋ እኔ ቻልኩ፤ እማማ ቡናና ጠላ።

እግረ መንገዳቸውን ሌላም ነገር አዩ። ላፕቶፑን ሲነኩት እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይነዝራል እኮ! ግራውንድ የለህም።» ሁሌም ትንሽ ይነዝረኝ ነበር፤ ላፕቶፕ ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ግቢው ጥግ ላይ ቆፍረው የመዳብ ዘንግ ቀበሩ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞሉበት። «በጋ ሲገባ አልፎ አልፎ ውሃ ድፋበት፤ ደረቅ አፈር መብራት አይወስድም» አሉ። ለእማማ እንግዳ ነገር ነበር፤ መብራት ውሃ ሲጠጣ አይተው አያውቁም።

ይህን ደግሞ በቀልድ አልለውም። አምፕ ላይ የሚሠሩ አንዳንድ ልጆች ጩኸት ለመቀነስ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ይቆርጣሉ ወይም በዲቫይደር ያልፉታል። አንዳንዴ ይሠራል፤ እምምታው ይጠፋል። ግን አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢለቅ መብራቱ የሚወጣበት መንገድ ክሩ ነው፣ ክሩን የያዝከው ደግሞ አንተ ነህ። ጩኸቱን ቻለው ማለቴ ሳይሆን፣ መድኃኒቱን በሌላ መንገድ ፈልግ። ነጎድጓድ ሲኖርም ሁሉንም ንቀል።

የተረፈችውን ለሶፍትዌር ሰጠሁ። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቆረጥኩ፤ የጊታር ዝቅተኛዋ ሚ 82 ላይ ስለሆነች የሚጎዳ ነገር የለም። 100 እና 150 ላይ ያሉት የእምምታው ልጆች ግን ከጊታሩ ድምፅ ጋር ተቀላቅለዋል፣ በመቀስ አይለዩም። ኖይዝ ጌትም ሞከርኩ። ድምፁ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ በሩን የሚዘጋ ነገር ነው። ለሮክ ግሩም ነው። ለትዝታ ግን ኖታዋ እየሳሳች ስትሄድ መሃል ላይ በሩን ጠርቀም ያደርግባታል። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው አፉን እንደታፈነ። አጠፋሁት። ትንሽ ሽሽታ ብትኖር ምን አለበት? በፈረንጆቹ 1969 አምሃ ሪከርድስ ከተመሠረተ ጀምሮ በወጡት ሸክላዎች ላይም ሽሽታ አለ፤ እኛም እሱን እየሰማን ነው ያደግነው።

ባለፈው ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ልቀዳው ተቀመጥኩ። ፍሎረሰንቱ ጠፍቷል፣ ቻርጀሩ ተነቅሏል፣ ስልኩ አልጋ ሥር ነው። ፊቴ ወደ በሩ። እማማ ገና እየጋገሩ ነበር፤ ገመዱ ቢስተካከልም እስኪጨርሱ ልጠብቅ አልኩ። ጊታሩን ወንበሩ ላይ አስደግፌ ቁጭ ብያለሁ።

በሩ ተንኳኳ። «ልጄ! ቅዳ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ጨረሱ ማለት ነው ብዬ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ። ደግመው አንኳኩ። «ኧረ ሳይሄድ ቶሎ ቅዳ!»

ውሃ መጥቶ ኖሯል። ከአምስት ቀን በኋላ። ሁሉንም ትቼ ጀሪካኖቹን ይዤ ወጣሁ። የራሴን ሞላሁ፣ የእማማን ሞላሁ፣ በርሜሉን ሞላሁ። ስመለስ ላፕቶፑ አሁንም እየቀዳ ነው። 11 ደቂቃ፣ ምንም። ሜትሩ ከ-70 በታች ተኝቷል፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ወደ ላይ ወደ ታች እያልኩ አየሁት። 7ኛው ደቂቃ ላይ ብቻ አንዲት ቀጭን ጭረት አለች። ከፍ አድርጌ ሰማኋት። ጠብ።

የእማማ ፍሪጅ ናት።